ወሰን ያለፈ ቀጋ

ጥቅምት 9 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ደግሞ ቀጋ። ደግሞ እሾህ። ክንዴ ከክርኔ እስከ መዳፌ ተቧጭሯል፤ ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ መያዝም ሳያቅተኝ አይቀርም። ት/ቤት ከመሄዴ በፊት በማጭድ ስከረክም ነበር። በባላ ቅርንጫፉን ወደ ላይ እገፋለሁ፣ ከሥር እቆርጣለሁ። ይቆረጣል እንጂ አያንስም። ባለፈው ክረምት ጎንበስ ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ አፈር ነክቶ ሥር ሰዷል። ከሥሩ ደግሞ አዲስ ቡቃያ።

ንዴቴን ላንቺ ካልተናገርሁ፣ ማስታወሻዬ፣ ለማን ልናገር? ለአባዬ? አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። ተይው ላቄ፣ ጎረቤት ነው፣ ይላል። ጎረቤት!

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች የእኛንና የግራዝማች መንገሻን ግቢ የሚለየው ሰንሰል ነበር። ሰንሰል ጨዋ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ከወገብ በላይ ያለውን ትቆርጪዋለሽ፤ ተመልሶ ይለመልማል፤ ከብት አይበላውም፤ ወደ ማንም ግቢ አይሄድም። ግራዝማች በበኩሉ ሌባ ፈራሁ ብሎ ከሰንሰሉ ኋላ ቀጋ ተከለ። ተከለ፣ ረሳው። አንድ ቀን ማጭድ አላስነካውም። ቀጋው ሰንሰሉ ላይ ወጣበት፣ በጥላው አመነመነው፣ ከዚያም ተሻግሮ ወደ እኛ። ዛሬ የሰንሰሉ ጉቶ ያለው ከእሾሁ መሀል ነው፤ ማንም አያየውም። ከመንገዱ ወደ ቤታችን የሚያስገባው መተላለፊያ እንኳ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ሆኗል።

(ከእንግዲህ ግራ. እያልሁ እጽፈዋለሁ። ሙሉ ማዕረጉን በየቀኑ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።)

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት በኋላ

ግራ. ራሱ ወጣ። ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ ከኋላው ዘበኛው። እኔ የቆረጥሁትን እሾህ በመንሽ እከምራለሁ። ሰላምታ የለም።

"አንቺ ልጅ፣ የሰው አጥር የምትቆርጪው በማን ፈቃድ ነው?"

አጥርዎን አልነካሁም፣ ግቢዬ የገባውን ነው የቆረጥሁት፣ አልሁት።

"ቀጋ እግዜር ያበቀለው ነው። ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላዘውም።"

"እግዜር ያበቀለውን ብቆርጥ ታዲያ እርስዎን ምን ከፋዎት?"

ዘበኛው ሳቀ። ግራ. ዞሮ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ዳኛ ፊት እንገናኛለን ብሎኝ ሄደ። በአጥር! ሀገሩ በሙሉ ድርቅ ድርቅ በሚልበት ዓመት፣ ሰው በቀጋ ሊከሰኝ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። አባዬ ከመደቡ ተነሥቶ ጋቢውን አደገደገለት። ለግራ. አደገደገለት! ለምን ብዬ ብጮህበት፣ ልማድ ነው አለኝ። ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ኅዳር 3

ተፈረደብኝ።

አጥቢያ ዳኛው ቦታውን ሊያይ መጣ። የግራ. ዘበኛ ጥላ ይዞለታል፤ ይህን ሳይ ነው ነገሩ ያለቀው። ወሰኑ የሰንሰሉ ጉቶ ነው፣ ከቀጋው ሥር አለ፣ ገባ ብለው ይዩት፣ አልሁት። እሾሁን አየ። ሱሪውን አየ። አልገባም አለ። ከዚያ እዚያው ቆሞ "አጥሩ ባለበት ወሰኑ አለ" ብሎ በየነ።

በቃ። ይኸው ነው ፍርዱ። ወሰን ማለት ድንጋይና ምስክር ይመስለኝ ነበር። ለካ ወሰን የዳኛ ሱሪ ነው።

ቀጋው የደረሰበት ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የግራ. ነው። ከጎመኑ መደብ ግማሹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ እናቴ በእጇ ድንጋዩን ለቅማ ያለሰለሰችው የድንች ቦታ። ብቆርጠው እቀጣለሁ። ባልቆርጠው በሚመጣው ክረምት የቤቴን ግድግዳ ይነካል። ያኔ ቤቱም የሱ ሊሆን ነው?

አባዬ ለዳኛው እጅ ነሣ። አላናገርሁትም።

ኅዳር 11

ከተማው በተራበ ሰው ሞልቷል። ከምሥራቅ፣ ከቆላው፣ በአቀስታ አድርገው የመጡ ናቸው። ቤ/ክ ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ ገበያው ዳር፣ የትም። የከተማው ሰው ያለውን ያካፍላል፤ ያለው ግን ራሱ ትንሽ ነው። ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ወንበሩ ግማሹ ባዶ።

ቀጋው አፍርቷል። ቀይ፣ ጣፋጭ። ግራ. አይለቅመው፣ አይሸጠው፣ ለወፍ ነው የሚተወው። የተራቡት በመንገዱ በኩል ቆመው ሲለቅሙ ዘበኛው በዱላ ሲያባርራቸው ደረስሁ። እግዜር ያበቀለው! ያኔ እግዜር ያበቀለው ነበር፣ ዛሬ የግራ. ሆነ?

ከት/ቤት ስመለስ አንዲት ሴት በጠባቡ መተላለፊያችን ገብታ ከእኛ በኩል ትለቅማለች። ጣቷ ደምቷል። ልጇ፣ የስድስት ዓመት የምትሆን፣ ቀሚሷን ይዛ ታኝካለች። ስታየኝ ደነገጠች። "አፉ በይኝ እትዬ፣ የሰው መሆኑን አላወቅሁም" አለች። የእኛ ነው፣ ልቀሚ፣ አልኋት። በዳኛ ፍርድ የእኛ አይደለም። ያልሁትን ግን አልሁ።

ስሟ ዘይነባ። የልጅቷ ሰዓዳ። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ አልተመለሰም። አባዬ ቀጋ ብቻውን ሆድ ይነፋል ብሎ፣ ለራሱ በመሐረብ ቋጥሮ ያስቀመጠውን ቆሎ ለልጅቷ ሰጣት። ማድ ቤት አስገባኋቸው። እዚያ ያድራሉ።

ኅዳር 24

ውርጭ። ጎመኑ ጠዋት ጠዋት ነጭ ይለብሳል። ፀሐይ እንዳያገኝ ቀጋው ይጋርደዋል፤ በረዶው እስከ ረፋድ አይለቅም፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። እኛ አራት አፍ ሆነናል፣ የምንበላውም ይኸው ጎመን ነው፣ ካለ ትንሽ ገብስ ጋር።

በፍርዱ መሠረት መቁረጥ ክልክል። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እቆርጣለሁ። ከውስጥ፣ በማይታይበት በኩል፣ ፀሐይ የምትገባበት ቀዳዳ። ዘይነባ ቅርንጫፉን ትይዝልኛለች። ሰዓዳ አባዬ እግር ሥር ተቀምጣ ስለ ሞተች ላማቸው ታወራለታለች፤ ስሟን፣ ቀለሟን፣ እንዴት እንደምትራገጥ። አባዬ ስለ አንድ ላም ይህን ያህል ጥያቄ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 5፣ ንጋት

አየሁ። አየሁ፣ አየሁ።

ፀሐይ ሳትወጣ ለጎመኑ ውሃ ልናጠጣ ዘይነባና እኔ ወጣን። ከቀጋው ማዶ የሰው ድምፅና የአህያ ኮቴ። ለፀሐይ ብዬ በቆረጥሁት ቀዳዳ ዓይኔን አስጠጋሁ። ግራ. ግቢ አህዮች ተሰልፈው ይጫናሉ። ጆንያ፣ ከጎተራው እየወጣ፣ ሙሉ ጆንያ። ጫኞቹ ፍጠኑ ይባባላሉ፣ ደጎሎ ከተማ የቆመው መኪና አይጠብቀንም ይላሉ። ግራ. ጋቢውን ተከናንቦ መሀል ቆሟል፣ በሹክሹክታ ያዛል።

ባለፈው ሳምንት ለተራቡት እህል ለሚያሰባስበው የእርዳታ ኮሚቴ በታቦት ምሎ ነበር፦ ቤቴ ያለው ለቤተሰቤ የማይበቃ ነው ብሎ።

አሁን ገባኝ። ቀጋው ለምን እንደማይቆረጥ አሁን ገባኝ! ሌባ ፈርቶ አይደለም። የጎተራውን ቁጥር ሰው እንዳያይ ነው። እኔ ደግሞ መሬቴን የፈለገ መስሎኝ ስጨቃጨቅ ከርሜ።

ዘይነባም በተራዋ አየች። ተቀመጠች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ታኅሣሥ 6

ወረዳ ጽ/ቤት ሄድሁ። ኮሚቴውን የሚሰበስበውን ሹም አገኘሁ። ያየሁትን ነገርሁት፣ አህዮቹን፣ ጆንያውን፣ ደጎሎን። እስክሪብቶውን እያዞረ ሰማኝ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"እሜቴ፣ አንቺ ከግራዝማች ጋር የአጥር ክስ ነበረሽ አይደል?"

ነበረኝ፣ አልሁ።

"ተፈርዶብሽ የለም?"

ተፈርዶብኛል፣ አልሁ።

እንግዲህ፣ አለ። በቃ። እንግዲህ! ቂም ነው ለማለት ነው። አብራኝ ያየች ሰው አለች ስለው፣ ማን ናት አለ፤ ዘይነባ መሆኗን ስነግረው ሳቀ። ለማኝ ምስክር ሆና አያውቅም አለኝ።

በመንገዱ ሁሉ ብቻዬን እያወራሁ መጣሁ። ተማሪዎቼ አይተውኝ ይሆናል። ይዩኝ።

ታኅሣሥ 21

ሰዓዳ ታማለች። ተቅማጥ፣ ከዚያ ትኩሳት። ክሊኒኩ በር ላይ የተኛው ሰው ብዛት! ድሬሰሩ አይቷት የሚጠጣ ነገር ስጧት አለ፣ ምግብ ስጧት አለ። ምን ምግብ? ዘይነባ አትተኛም። አብሽሪ፣ አብሽሪ እላታለሁ። እኔም ራሴን አላምነውም።

ታኅሣሥ 28

ሰዓዳ ሞተች። ረፋዱ ላይ፣ እናቷ እቅፍ ውስጥ።

የሰፈሩ እስላሞች መጡ፣ ሼኁም። አጥበው ከፈኑ። ክርስቲያኑም ጎረቤት መጣ። ግራ. ብቻ አልመጣም። ቃሬዛዋን ተሸክመው ሲወጡ መተላለፊያው ላይ ቆሙ። አያሳልፍም። በአንድ ወገን ግድግዳችን፣ በአንድ ወገን ቀጋው። ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ሊያሳልፉ ሲሉ ቅርንጫፉ ከፈኑን ያዘው። ጎተቱት፣ የበለጠ ያዘው። ጨርቁ ሲቀደድ ሰማሁት።

ዘይነባ ጮኸች።

አባዬ ሰዎቹን ቁሙ አላቸው። ሄደ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ከጨርቁ ላይ እየነቀለ አላቀቀ። ሲጨርስ እጁ በሙሉ ደም ነው። ወደ መቃብሩ ሄድን፣ ተመለስን። አባዬ ከሰው ሁሉ ጋር ተቀምጦ ዋለ።

ታኅሣሥ 30

የገበያ ቀን። ክፍል ውስጥ ነበርሁ። አንዲት ተማሪዬ እያለከለከች ገባች፣ አባትዎ አጥር እያፈረሱ ነው አለችኝ።

እየሮጥሁ መጣሁ። አባዬ ነው! ጋቢውን አውልቆ፣ መጥረቢያ ይዞ፣ ከመንገዱ ጀምሮ ቀጋውን ከሥሩ እየጣለው። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ጥቂት ወንዶች የወደቀውን በመንሽ እየጎተቱ መንገድ ዳር ይከምራሉ። ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ዘይነባ መንሽ ከአንዱ ተቀብላ ትጎትታለች።

ቀጋው እየወደቀ ሲሄድ የግራ. ግቢ እየታየ መጣ። ጎተራ። ከጎኑ ሌላ ጎተራ። ከኋላውም ሌላ። የገበያው ሰው ወደ ፊት ተጠጋ። አንዲት አሮጊት፣ "ይኼ ሁሉ እያለ ነው የቀጋ ፍሬ የተከለከልነው?" አለች። ጮክ ብላ አይደለም።

ግራ. ወጣ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው፣ አልነካውም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይመር! አንተ? አንተ ይህን ታደርጋለህ?"

አባዬ መጥረቢያውን ተደግፎ ቀና አለ። አላደገደገም። "ወሰኔን እየፈለግሁ ነው፣ ግራዝማች" አለው።

"ይዘርፉኛል እኮ! ይህ ሕዝብ ካየ ይዘርፈኛል!" ድምፁ ተሰበረ። እውነቱን ነው፣ ፈርቷል። ለአፍታ አሳዘነኝ ልበል? አላሳዘነኝም። ሰዓዳን የቀበርናት ከትናንት በስቲያ ነው።

ማንም አልዘረፈውም። ይህን ያዢልኝ። ያን ሁሉ የተራበ ሰው፣ ያን ሁሉ ጎተራ እያየ፣ አንድ ሰው እጁን አላነሣም። ቆሞ አየው እንጂ።

ፖሊሶች መጡ። አባዬ እኔ ነኝ፣ ልጄ ት/ቤት ነበረች አላቸው። ወሰዱት።

ጥር 4

አባዬ አሁንም እስር ቤት ነው። ምግብ አደርሳለሁ። እንደ ልጅ ደስ ብሎታል፤ ነገር አልገባኝም። "የሰንሰሉን ጉቶ አገኘሁት፣ እኔ ባልሁሽ ቦታ፣ ዳኛው አልገባም ያለበት" ሲለኝ ዓይኑ ያበራል። ባልሁሽ ቦታ! እኔ ነኝ ያልሁት!

ሹሙ ሳይወድ ግራ. ግቢ ገባ፤ ከመንገድ የሚታየውን አላየሁም ማለት አልቻለም። ግራ. አንዱን ጎተራ ከፍቶ ለተራቡት አሰፈረ፤ የቀረው ዘር ነው አለ። ዘር! የሚበቅለው ደጎሎ መኪና ላይ ነው?

የዘይነባ ነገር። ሲሰፈር ሄዳ አልተሰለፈችም። ለምን ብላት አይወርድልኝም አለች።

ጥር 9

አባዬ በዋስ ወጣ። ዋስ የሆኑት ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ናቸው፤ የሰዓዳንም ከፈን የሰጡት እሳቸው ነበሩ።

የካቲት 14

መምህራን ሥራ አቁመናል፣ በመላ ሀገሪቱ። ት/ቤቱ ጭር ብሏል። ጓሮ እውላለሁ። የቀጋው ሥር ከታች እያቆጠቆጠ ነው፣ ገና አልሞተም። ዘይነባና እኔ በዶማ እየቆፈርን ሥሩን እናወጣለን። ከላይ መቁረጥ ለዚህ ዛፍ ማባበያ ነው፤ ከሥሩ ካልሆነ ዋጋ የለውም። መዳፌ ውሃ ቋጥሯል።

የካቲት 22

ሚኒስትሮቹ ወረዱ! የሻይ ቤቱን ራዲዮ ሰው ከቦት ውሏል። ወሎ ተራበ፣ ተደበቀ የሚለው ቃል ባደባባይ ጮክ ተብሎ ሲነገር ሰማሁ።

ግራ. ደግሞ ዛሬ መንገድ ላይ ቀድሞ ሰላም አለኝ። ባርኔጣውን አውልቆ! መምህርት፣ እንደምን ዋልሽ፣ አለኝ። ጥቅምት ላይ "አንቺ ልጅ" ነበርሁ። ሰላምታውን ከመለስሁለት በኋላ ቤት እስክደርስ በራሴ ተናደድሁ።

መጋቢት 29

ደሴ ላይ መርማሪዎች ተቀምጠዋል። በረሀቡ ጊዜ እህል ያሸሸ ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ያየ ይምጣ ብለዋል። ወሬው እዚህ በደረሰ ማግሥት ግራ. ሽማግሌ ላከ። አንድ ቄስና እኚሁ ዋስ የሆኑን ሐጂ።

ቄሱ ተናገሩ። ግራዝማች ወሰኑን በሰንሰሉ ጉቶ ላይ ይመልሳል። የቀጋውን ሥር በራሱ ሰው አስቆፍሮ ያወጣል። አዲስ ሰንሰል ይተከላል፤ በየመስከረሙ እሱ በበኩሉ እኛ በበኩላችን እንቆርጣለን፣ ከወገብ በላይ አይለቀቅም። በአባዬ ላይ ያለውን ክስም ያነሣል። የጠየቅሁት ሁሉ! ከጥቅምት ጀምሮ የጮህሁበት ሁሉ በአንድ ትሪ ቀረበልኝ።

በምላሹስ? አልሁ።

ምንም አይደል፣ አሉ ቄሱ። ያን ጠዋት ያየሽው ለጢሰኞቹ የሚላክ ዘር ነበር ብለሽ አንድ ቃል ብትሰጪ ነው።

ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። ቄሱ ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እኔ ተልኬ ነው የመጣሁት። ተቀበይ አልልሽም። አትቀበይ አልልሽም።" ስማቸውን ሊያድኑ ነው ወይስ እኔን? አላወቅሁም። ነገ መልስ እንሰጣለን አልናቸው።

መጋቢት 30፣ ከሰዓት በኋላ

አባዬ ጠዋቱን ጓሮ ሲዞር ዋለ። ከጉቶ ጉቶ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ላቄ፣ መሬቱን እፈልገዋለሁ" አለኝ። "እናትሽ የለቀመችውን ድንጋይ አውቀዋለሁ፣ አንድ በአንድ። ሳልሞት በሕግ ተመልሶልኝ ባየው ደስታዬ ነበር።" እሺ በይ ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። "ግን ያየሽውን አላየሁም በይ አልልሽም። ያቺ ልጅ ስለ ላሟ ታወራልኝ ነበር እኮ።" ፊቱን አዞረ።

ያኔ ደሴ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ዘይነባን ጠየቅኋት። እሷም አይታለች፤ እኔ ብሄድ የሚያምኑኝ ሁለት ስንሆን ነው፤ ቂም ነው ቢሉኝ እሷ ከግራ. ጋር የአጥር ክስ የላትም። እንደገና ለማኝ ብለው ቢስቁብሽስ አልኋት።

"ይሳቁ" አለች። "ወላሂ እኔ መኪና ባይገኝም በእግሬ እሄዳለሁ። በእግሬ አይደል የመጣሁት።"

መሬቱ ይቀራል ማለት ነው። የአባዬም ክስ አይነሣም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አስቤዋለሁ፣ ልቅር ማለትም ያምረኛል። ንዴቴ ግን አያስቀረኝም። ነገ የአቀስታው የጭነት መኪና ይነሣል፤ ሁለታችንን እንዲጭን ነግሬዋለሁ። ከአቀስታ ደሴ እንደሚሆን ይሆናል።

ሽማግሌዎቹ ደጅ ናቸው። አባዬ ግቡ ይላቸዋል። ወጥቼ ልንገራቸው፦ አየሁ፣ ዘርም አልነበረም፣ ነገ ከዘይነባ ጋር ደሴ እሄዳለሁ።